የገለልተኛው ድርጅት ባለቤት ማነው?

በ2017 ዓ.ም. በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ መስክ የተሠማሩ አምስት አገር በቀል ድርጅቶችን ከሥራ አገደ። እነርሱም የመብቶችና የዴሞክራሲ ዕድገት ማዕከል (ካርድ)፣ ስብስብ ለሰብዓዊ መብቶች በኢትዮጵያ፣ የሕግ ባለሙያዎች ለሰብዓዊ መብቶች፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) እና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ተሟጋቾች ማዕከል ነበሩ። በቅድሚያ በታገዱት ላይ ከቀረቡት ምክንያቶች ጎልቶ የወጣው የፖለቲካ ገለልተኝነት ይጎድላቸዋል፣ ከአገር ጥቅም ጋር የሚፃረር ተግባር ይፈጽማሉ የሚለው ነበር። እገዳው በዚያው ዓመት ተነሥቷል። የተቀሰቀሰው ጥያቄ ግን ከእገዳው ጋር አብሮ አልተነሣም።

አንድ ድርጅት የማንም ፓርቲ ወገን አይደለሁም፣ ዓላማዬ የምክር ቤት ዴሞክራሲ እንዲጎለብትና መራጩ ሕዝብ የመረጠውን ሰው ሥራ እንዲከታተል ማገዝ ነው ሲል ቃሉን በምን እናምናለን? ሥራ አስኪያጁን የሚሾመው፣ የሚጠይቀውና ሲያጠፋ የሚያሰናብተው አካል የትኛው ነው? ገንዘቡ ከማን ኪስ ይወጣል? ሒሳቡን የሚመረምረው ሰውስ ተጠሪነቱ ለማን ነው? ስለ ገለልተኝነት የሚካሄደው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በመግለጫዎች ቃላት ዙሪያ ሲሽከረከር ይታያል። እኛ በበኩላችን ጉዳዩ መፈተሽ ያለበት በመተዳደሪያው ደንብ፣ በቦርዱ ወንበርና በገንዘብ ሣጥኑ ቁልፍ ላይ ነው እንላለን።

ይህ የምሁራንና የሕግ ዐዋቂዎች ክርክር ነው፣ ለገርጂ ነዋሪ ወይም በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በስፌት መኪና ላይ ለምትውለው ሠራተኛ ምኗም አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል። አንድ ምሳሌ እናንሣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የዝቅተኛ ደመወዝን መጠን በየጊዜው የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም፣ ሥልጣንና ኃላፊነቱም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰን ደንግጓል። አዋጁ ከወጣ በኋላ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለዚህ ደንብ በተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ማን ጠየቀ? መቼ ጠየቀ? ምን መልስ ተሰጠው? የተመረጠበት ወረዳ የሠራተኛ ሠፈር የሆነው እንደራሴስ አፉን ከፍቶ ያውቃል? ይህን ሁሉ በፈረቃ የምትሠራ ሴት ቁጭ ብላ ልትከታተል አትችልም። በእርሷ ፈንታ የሚከታተል፣ የሰማውንም በምትረዳው ቋንቋ የሚነግራት ያስፈልጋል። ፓርቲ ቢነግራት ድምፅዋን ፈልጎ ነው። ጋዜጣም ቢሆን ባለቤት አለው። ስለዚህ በምርጫ የማይወዳደር፣ ከማንም ሹመት የማይጠብቅ ድርጅት ሥፍራ እዚህ ላይ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ይህ ሥፍራ ከሌላው ይልቅ ሰፍቶ ቆይቷል። የመጀመሪያው ፓርላማ በጥቅምት 1924 ዓ.ም. ሲከፈት መቀመጫው የመኳንንትና የሹማምንት ነበር። ሕዝብ በቀጥታ የመረጣቸው ሰዎች የገቡት በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት በተካሄደው ምርጫ ነው። ወደ ቅርቡ ስንመጣ፣ በ2002 ዓ.ም. ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱንም ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ያዙ። በአዳራሹ ውስጥ ተቃራኒ ጥያቄ የሚያነሣ በማይኖርበት ጊዜ ከአዳራሹ ውጭ ያለው ጠያቂ ዋጋ እጅግ ከፍ ይላል። በዚያው መጠን ደግሞ የጠያቂው ማንነት ሊታወቅ ይገባል።

እስቲ አሁን ወደ ሠፈራችን እንመለስ። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደውን ጎዳና ይዞ የወረደ፣ በሃያ ሁለትና በመገናኛ በኩል አልፎ እስከ ሲ.ኤም.ሲ. የዘለቀ ሰው፣ በየቅያሱ የመንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ማየቱ አይቀርም። በየሆቴሉም ስለ ዴሞክራሲ፣ ስለ ግልጽነትና ስለ ተጠያቂነት ዐውደ ጥናት ይካሄዳል። ተሳታፊው ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ይታደለዋል፤ በሻይ ሰዓት ይነጋገራል፤ አበሉን ፈርሞ ይሄዳል። ከሆቴሉ ጀርባ ባለው መንደር የሚኖር ሰው ግን አዳራሹ ውስጥ ምን እንደተባለ የሚሰማበት መንገድ የለውም። ዕድሩ አንድ ወር ቢዘጋ ለቅሶ በተነሣበት ቤት ሁሉ ይታወቃል። ከላይ የጠቀስናቸው አምስት ድርጅቶች ሥራቸው በቆመባቸው ጊዜያት «ማኅበራችን ተዘጋብን» ብሎ የተሰበሰበ መንደር ስለመኖሩ አልሰማንም። ይህን የምንለው ድርጅቶቹ ጠቃሚ ሥራ አልሠሩም ለማለት አይደለም። የታሰረን ሰው ስም መዝግቦ መያዝ፣ የተፈናቀለን ገበሬ ቃል መቀበል ቀላል ሥራ አይደለም። የምንለው፣ ድርጅትና ሠፈርተኛ በአባልነት ክር አልተሳሰሩም ነው።

አስተዳደር ምን ማለት እንደሆነ የሠፈራችን ሰው ከማንም ባለሙያ ሊማር አያስፈልገውም። ዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ አለው፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል፤ ሒሳብ የሚመረምሩ ተቆጣጣሪዎች ያስቀምጣል። ገንዘብ ያዡ ብቻውን ከባንክ ገንዘብ አያወጣም። የቀረ ይቀጣል፤ የከፈለ ይጠይቃል። በ2001 ዓ.ም. እና በ2011 ዓ.ም. የወጡት ሁለቱም የማኅበራት ሕጎች ዕድርና ዕቁብን ከተፈጻሚነታቸው ወሰን ውጭ ማድረጋቸው ልብ ሊባል ይገባል። በአያት፣ በሰሚት፣ በቦሌ አራብሳና በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖረው ሕዝብም በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት በባለቤቶች ማኅበር ይደራጃል፤ ቦርድ ይመርጣል። የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ አራተኛ ፎቅ ውኃ ሲጠፋ ቦርዱ ይጠየቃል። በጋራ ሕንፃው ማኅበር ቦርድ ውስጥ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ሥልጣን ያለ ጠያቂ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚበላሽ ያውቃል። አንድ ሰብሳቢ ለሦስት ዓመት ጉባኤ ሳይጠራ ሲቀር፣ የጥበቃ ክፍያው የት እንደገባ የሚያውቅ ሲጠፋ የታየባቸው ግቢዎች ጥቂት አይደሉም።

ወደ ትልልቆቹ ድርጅቶች ስንሻገር ሕጉ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሰጣቸው ማየት ተገቢ ይሆናል። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1113 አገር በቀል ድርጅት ሊይዛቸው የሚችላቸውን ልዩ ልዩ ቅርጾች ዘርዝሯል። ከእነዚህም ሁለቱ ለዚህ ጽሑፍ ዋነኛ ናቸው። አንደኛው ማኅበር ነው፤ ከፍተኛው ሥልጣን በአባላት ጠቅላላ ጉባኤ እጅ ነው። ሁለተኛው በቦርድ የሚመራ ድርጅት ይባላል። ይህን ሁለት ሰዎች ብቻ ሆነው ሊመሠርቱት ይችላሉ፤ የበላይ አካሉም ከአምስት እስከ አሥራ ሦስት ሰዎች ያሉት ቦርድ ነው። የመጀመሪያውን ቦርድ የሚሰይሙት መሥራቾቹ ናቸው። አባል የለውም፤ ጉባኤም የለውም። የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና በቦርዱና በሥራ አስኪያጁ መካከል እንዳይኖር ሕጉ መከልከሉ መልካም ነው፤ የባልና የሚስት ድርጅት የሚባለውን ሐሜት አገሩ ሁሉ ያውቀዋልና። የጓደኝነትን ዝምድና ግን የትኛውም ሕግ ሊከለክለው አይችልም። በአንድ ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረው፣ በአንድ ቡና ቤት እየተገናኙ፣ በአንድ ወቅት ለአንድ ፓርቲ ቀስቅሰው የነበሩ ሰባት ሰዎች ቦርድ ቢሆኑ ሕጉ አልተጣሰም። ገለልተኝነቱ ግን በሰባቱ ሰዎች ኅሊና ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ይሆናል። በቦርድ የሚመራ ድርጅት ፈጥኖ ይወስናል፤ ባለሙያዎችንም ለማሰባሰብ ይመቻል። በእኛ ግምት ስለ ሕዝብ ውክልና አስተምራለሁ ለሚል ድርጅት የሚመጥነው ግን የመጀመሪያው ቅርጽ ነው። ራሱ በማንም ሳይመረጥ ስለ ምርጫ የሚያስተምር ድርጅት ሁልጊዜ አንድ እግሩ ያነክሳል።

ደንብ የወረቀት ነገር ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር የ1997ቱን ምርጫ ያስታውስ። በመጋቢት ወር የአሜሪካ ተቋማት የሆኑት ኤን.ዲ.አይ.፣ አይ.አር.አይ. እና አይፌስ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። አገር በቀሎቹም ምርጫውን ለመታዘብ ሲጠይቁ፣ ምርጫ ቦርድ ባወጣው መመሪያ መሠረት ምርጫ መታዘብ ስትመዘገቡ በዓላማችሁ ውስጥ አልተጻፈም ተብለው ተመለሱ። ድርጅቶቹ ከሰሱ። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ፈረደላቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ግንቦት 7 ቀን ግን ደርሶ ነበር፤ ታዛቢ ለማሠልጠንና ለማሠማራት የቀረው ጊዜ የጥቂት ቀናት ነበር። በሕግ ረቱ፤ በጊዜ ተረቱ። ዛሬ የኢትዮጵያ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ኅብረት ለምርጫ የሚባለው ጥምረት በ2013ቱ ምርጫ ታዛቢዎቹን በየጣቢያው ለማሠማራት መቻሉ ከዚያ ክርክር በኋላ የተገኘ ለውጥ ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ ማለት ያስፈልጋል። ገለልተኝነት ከሚፈተንባቸው ሥፍራዎች ሁሉ ይህ የከፋው ነውና። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በሰብዓዊና በዴሞክራሲያዊ መብቶች ላይ መሥራትን ኢትዮጵያዊ ለተባሉት ድርጅቶች ብቻ ሲፈቅድ፣ እነርሱም ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ከመቶ አሥር እንዳይበልጥ ደነገገ። የሕጉ ደጋፊዎች መከራከሪያ ቀላል ነበር፦ የሌላ አገር ገንዘብ የሌላ አገር ፖለቲካ ይዞ ይመጣል። ይህ አባባል ከእውነት የራቀ አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ነገር ግን ውጤቱን እንመልከት። በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሊቀመንበርነት በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ኢሰመጉ በ2002 ዓ.ም. የባንክ ሒሳቡ ታገደ፤ ከአሥራ ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶቹ ዘጠኙን ዘጋ፤ ስሙም ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ ወደሚል ተለወጠ። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እገዳውን አጸናው። ለተበደሉ ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ሒሳቡ ታግዶ አብዛኛውን ሥራውን አቋረጠ። በባሏ ተደብድባ ጠበቃ ያጣች ሴት የገንዘቡ ምንጭ አሳስቧት ያውቃል ለማለት ያስቸግራል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አንድ ነገር ተጋለጠ። ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ ሲቀነስ ከአገር ውስጥ የሚተካው አልተገኘም። ሕዝባችን ስለማይሰጥ ነውን? ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ማሠሪያ፣ ለሕክምና ርዳታ፣ ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ የሰጠው ይኸው ሕዝብ ነው። ሠፈርተኛው ያልሰጠው፣ ማንም በአባልነት ስላልጠየቀውና ከፍሎም የሚያገኘው ድምፅ ስለሌለ ነው ብለን እናምናለን። የ2011ዱ አዋጅ የአሥር በመቶውን ገደብ አንሥቶ ገንዘብ ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ እንዲሰበሰብ ፈቀደ፤ የአስተዳደር ወጪንም ከገቢው ሃያ በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ድርጅቶቹ ተነፈሱ። የተነፈሱት ግን ተመልሶ በዚያው በውጭው ሳንባ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በድንገት ሲያቋርጥ፣ ከዚያም ዩ.ኤስ.ኤይድ የተባለው መሥሪያ ቤት እስከ መዘጋት ሲደርስ፣ በኢትዮጵያ ብዙ ሠራተኛ ከሥራ ተሰናበተ፤ ብዙ ፕሮጀክት ከመካከሉ ተቆረጠ። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣ ሕግ ያደረገውን በ2017 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተፈረመ ወረቀት ደገመው። ድርጅቱን በአንድ ቀን ሊዘጋ የሚችል እጅ፣ ስሙ በቦርዱ ዝርዝር ውስጥ ባይኖርም እንኳ፣ የቦርዱ አባል ነው።

ሌሎች እንዴት እንዳደረጉት ማየት አይከፋም። በእንግሊዝ አገር ሐንሳርድ ሶሳይቲ የሚባል፣ ለምክር ቤት ዴሞክራሲ የቆመና ለየትኛውም ፓርቲ የማይወግን የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ ስቴፈን ኪንግ-ሆል የተባለ የምክር ቤት አባል መሠረተው። የመጀመሪያዎቹ አባላት ሆነው የገቡት የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ቸርችልና የሠራተኛው ፓርቲ መሪ አትሊ ነበሩ። በጦርነቱ ምክንያት በአንድ ካቢኔ ቢቀመጡም በቀጣዩ ዓመት በምርጫ ተፋጠው አንዱ አንዱን ከሥልጣን አወረደ። ድርጅቱ ግን የሁለቱም ነበር። በዚያ አገር የበጎ አድራጎት ድርጅት በባለአደራዎች ይመራል፤ ባለአደራዎቹ በመሠረቱ ለወንበራቸው ደመወዝ አይወስዱም፤ ፓርቲ መደገፍም ክልክል ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ትምህርት እንግሊዞቹ ንጹሐን ናቸው የሚለው አይደለም፤ ከእኛው ከራሳችን ታሪክ የምናውቃቸው ናቸውና። ትምህርቱ፣ ገለልተኝነትን ፖለቲካ ከማያውቁ ሰዎች አልጠበቁም የሚለው ነው። ተቃራኒዎቹን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጧቸው፤ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ አደረጉ። በእኛ አገር ቦርድ ሲዋቀር የሚፈለገው በየትኛውም ወገን የማይታማ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከተገኘ መልካም፤ ሁልጊዜ ግን አይገኝም። የገዥውም የተቃዋሚውም ደጋፊ፣ የሠራተኛ ማኅበር ተጠሪም የነጋዴም ሰው፣ የዕድር ሰብሳቢም የተቀመጡበት ቦርድ ጭቅጭቅ አያጣውም፤ ድርጅቱን ለአንድ ወገን መሸጥ ግን አይችልም።

ተቆጣጣሪውስ? ድርጅት ያለ ተቆጣጣሪ ይሁን የሚል አቋም የለንም። በሕዝብ ስም ገንዘብ የሚሰበስብ ሁሉ ሪፖርቱንና የተመረመረ ሒሳቡን ማቅረብ አለበት። የ2011ዱ አዋጅ የተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ቦርድ አሥራ አንድ አባላት እንዲኖሩት ሲያደርግ፣ የመንግሥት ተወካዮች ሦስት ብቻ እንዲሆኑ፣ ቀሪው መቀመጫ ለድርጅቶቹ፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለሴቶችና ወጣቶች ማኅበራት እንዲሁም ለባለሙያዎች እንዲሰጥ መወሰኑ በዘመናችን ሕጎች ውስጥ ያልተለመደ ነገር ነበር። ሐሳቡም ትክክል ነበር፤ ዳኛው ከተከራካሪዎቹ የአንዱ ሎሌ እንዳይሆን። በ2017ቱ እገዳ ወቅት ግን በሠፈር ያለን ሰዎች ያነበብነው የእገዳውን ደብዳቤ ጠቅላላ ቃላት ብቻ ነው። የትኛው ቀን የወጣው የትኛው ጽሑፍ፣ የትኛው ስብሰባ፣ የትኛው ብር ገለልተኝነትን እንደጣሰ በዝርዝር ለሕዝብ አልተነገረንም። ዕድር እንኳ አባሉን ሲያሰናብት ጥፋቱን በጉባኤ ፊት ያነባል። ገለልተኝነት መለኪያው ካልተጻፈ የተቆጣጣሪው ስሜት መለኪያ ይሆናል፤ ያኔ ድርጅቱ ከፓርቲ ቢርቅም ወደ ሹሙ ይጠጋል።

ለዚህ መፍትሔው ከላይ ብቻ አይመጣም። በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ያሉ የነዋሪዎች ማኅበራትና የሠራተኛ መሠረታዊ ማኅበራት እነዚህን ድርጅቶች ወደ ጉባኤያቸው ሊጠሯቸው ይችላሉ። ሲጠሯቸውም ስለ ዴሞክራሲ ንግግር እንዲያደርጉ ሳይሆን ደንባቸውን ይዘው እንዲመጡ ይሁን። የቦርዱ አባላት እነማን ናቸው፤ ስንት ዘመን ተቀመጡ፤ ከመካከላቸው የፓርቲ አባል አለ ወይ፤ ካለስ ሌላው ወገን ለምን የለም? ከዓመቱ ገቢ ስንት እጁ ከአንድ ለጋሽ መጣ? ወረዳችንን ወክሎ በምክር ቤት ስለተቀመጠው ሰው በዚህ ዓመት ምን መዘገባችሁ? አባል መሆን ብንፈልግ በወር ስንት እንከፍላለን፤ ከፍለንስ በጉባኤው ድምፅ እንሰጣለን ወይ? ይህን ለመመለስ የማይቸገር ድርጅት ነገ ገለልተኛ አይደለህም ተብሎ ቢታገድ ምስክር የሚሆንለት መንደር ይኖረዋል። ሪፖርቱም ቢሆን በየዓመቱ ለባለሥልጣኑና ለለጋሹ መዘጋጀቱ አይቀርም፤ አንድ ቅጂ ለገርጂ ዕድር ጸሐፊ ቢደርስ ተጨማሪ ወጪው የጥቂት ገጾች ፎቶ ኮፒ ዋጋ ነው።